የሰው ቫይረሶች ክትትል በፍሳሽ ውሃ

የሰው ቫይረሶች ክትትል በፍሳሽ ውሃ ማለት ከመኖሪያ ቤት፣ ከሆስፒታል፣ ከትምህርት ቤት፣ ከመናኸሪያና ከመሳሰሉት በሚወጣ ፍሳሽ ውስጥ ሰውን የሚያሳምሙ ቫይረሶች መኖር አለመኖራቸውን፣ ካሉም ዓይነታቸውንና ብዛታቸውን በየጊዜው ናሙና እየቀዱ መመርመር ነው። ናሙናው ገና ካልተጣራ ፍሳሽ ወይም ከማጣሪያ ጣቢያ ከወጣ ውሃ ሊወሰድ ይችላል። በኢትዮጵያ ሥራው ከሁሉ በላይ የሚታወቀው የልጅነት ልምሻን (ፖሊዮን) ከመከታተል ጋር በተያያዘ ነው። ፍሳሹ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ አትክልት ማሳ በሚደርስባቸው እንደ ሐዋሳና አዲስ አበባ ባሉ ከተሞች ደግሞ ከውሃ ደኅንነት ጋር በቀጥታ ይገናኛል።

ክትትሉ ሁለት የተለያዩ ዓላማዎች አሉት፤ ብዙ ጊዜ ግን ይደባለቃሉ። የመጀመሪያው ሕዝቡን ማየት ነው። ለዚህ የሚመረመረው ወደ ማጣሪያው የሚገባው ጥሬ ፍሳሽ ሲሆን ጥያቄውም «በከተማው ውስጥ የትኛው ቫይረስ እየተዘዋወረ ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ውሃውን ማየት ነው። ለዚህ የሚመረመረው ከማጣሪያው የወጣው ውሃ ነው፤ ጥያቄውም «ይህን ውሃ ወንዝ ውስጥ ብንለቀው ወይም አትክልት ብናጠጣበት ሰው ይታመማል ወይ?» ይሆናል። ለአንዱ ጥያቄ የተቀዳ ናሙና ለሌላው መልስ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ የተለመደ ስህተት ነው። በወጪው ውሃ ቫይረስ አለመገኘቱ ማጣሪያው መሥራቱን ሊያሳይ ይችላል እንጂ ከተማው ከበሽታው ነጻ ስለመሆኑ አይናገርም።

በፍሳሽ ውስጥ የሚገኙት ቫይረሶች

በፍሳሽ ውስጥ በብዛት የሚገኙት በአንጀት ውስጥ ተራብተው ከሰገራ ጋር የሚወጡት ናቸው። ከእነዚህም ፖሊዮ የሚመደብበት የኢንቴሮ ቫይረሶች ወገን፣ ሮታ ቫይረስ፣ ኖሮ ቫይረስ፣ አስትሮ ቫይረስ፣ አዴኖ ቫይረስ እንዲሁም ጉበትን የሚያጠቁት ሄፓታይተስ ኤ እና ሄፓታይተስ ኢ ይጠቀሳሉ። ሮታ ቫይረስ ሕፃናትን በተቅማጥ የሚያዳክም ሲሆን ክትባቱ በኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የገባው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ሄፓታይተስ ኢ በተበከለ ውሃ የሚተላለፍ ሲሆን በተለይ ለነፍሰ ጡር ሴቶች አደገኛ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞች በተጠለሉባቸው የጋምቤላ ካምፖች ወረርሽኙ ተከስቶ ነበር።

ኮቪድ-19ን የሚያመጣው ቫይረስ የመተንፈሻ አካላት ቫይረስ ቢሆንም ከታማሚዎች ሰገራ ጋር የዘር ቅንጣቱ ይወጣል። በኔዘርላንድስ አመርስፎርት ከተማ በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በተቀዳ ፍሳሽ ውስጥ የተገኘው በከተማዋ የመጀመሪያው ታማሚ ከመመዝገቡ በፊት ነበር። በፍሳሽ ውስጥ የሚገኘው ግን በአብዛኛው የቫይረሱ ቁርጥራጭ ነው። ኤች አይ ቪ በፍሳሽ አይተላለፍም።

ሰውን የማያሳምም ነገር ግን ለመርማሪዎች በጣም የሚጠቅም አንድ ቫይረስም አለ። የቃሪያና የበርበሬ ተክልን የሚያጠቃ ሲሆን በርበሬው ተፈጭቶና ተቀቅሎ ከተበላ በኋላ እንኳ የዘር ቅንጣቱ በሰው ሰገራ ውስጥ በብዛት ይገኛል። መርማሪዎች በናሙናው ውስጥ ስንት የሰው ሰገራ እንዳለ ለመገመት ይህን ቫይረስ ይለካሉ። ዝናብ ፍሳሹን አቅጥኖት ከሆነ የበርበሬው ቫይረስም አብሮ ይቀንሳልና የሌሎቹ ቫይረሶች መቀነስ ከበሽታው መቀነስ ይሁን ከዝናቡ መለየት ይቻላል። ወጡ ሁሉ በበርበሬ በሚሠራበት አገር ይህ ምልክት ይታጣል ብሎ የሚሰጋ ያለ አይመስልም።

አጭር ታሪክ

የፖሊዮ ቫይረስ ከፍሳሽ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው በአሜሪካ በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጆን ፖል እና ጄምስ ትራስክ በቻርልስተን ከተማ ወረርሽኝ ወቅት የተወሰደን ፍሳሽ በዝንጀሮዎች ላይ በመሞከር ነበር ያረጋገጡት። ዘዴው ውድና አዝጋሚ ነበር። በ1949 እ.ኤ.አ. ጆን ኤንደርስ፣ ቶማስ ዌለር እና ፍሬደሪክ ሮቢንስ ቫይረሱን በላቦራቶሪ ውስጥ በሚያድጉ ሕዋሳት ላይ ማራባት እንደሚቻል ካሳዩ በኋላ ዝንጀሮው ቀረ፤ መደበኛ ክትትልም የሚቻል ሆነ።

የልጅነት ልምሻ እና ኢትዮጵያ

ፍሳሽን መመርመር ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የፖሊዮን ጠባይ ማወቅ ይበቃል። በአንደኛው ዓይነት የፖሊዮ ቫይረስ ከተያዙ 200 ያህል ሰዎች እግሩ ወይም እጁ የሚልፈሰፈሰው አንዱ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ከ2000 ያህል አንዱ። የቀሩት ቀላል ትኩሳት ይሰማቸዋል፤ ብዙዎቹም ምንም አይሰማቸውም። ሁሉም ግን ለሳምንታት ቫይረሱን ከሰገራቸው ጋር ያወጣሉ። አንድ ልጅ ሽባ ሆኖ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ ቫይረሱ በመቶዎች ወይም በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ውስጥ አልፏል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ዋናው የክትትል መንገድ ድንገት እጅ ወይም እግሩ የዛለን ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ማሳወቅና ሕመሙ በጀመረ በ14 ቀናት ውስጥ ሁለት የሰገራ ናሙና ወስዶ መመርመር ነው። ይህ ሥራ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጀምሮ በአዲስ አበባ እስከሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የፖሊዮ ላቦራቶሪ የሚደርስ ሰንሰለት አለው። የፍሳሽ ክትትል ይህን አይተካም፤ ልጁ ከመታመሙ በፊት ያለውን ጊዜ ያያል።

በኢትዮጵያ የዱር ፖሊዮ ቫይረስ ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘው ከ2013 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ቀንድ በተነሣው ወረርሽኝ ነው፤ በሶማሌ ክልል 10 ልጆች ታመሙ፣ የመጨረሻው በጥር 2014 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ነበር። አገሪቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ከዱር ፖሊዮ ነጻ መሆኗ ተቀባይነት አገኘ፤ ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም. (25 ኦገስት 2020 እ.ኤ.አ.) ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጠና በሙሉ ነጻ ተባለ።

ችግሩ ግን በዚህ አላበቃም። በአፍ የሚሰጠው ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። ክትባት በበቂ ባልደረሰበት አካባቢ ይህ የተዳከመ ቫይረስ ከልጅ ወደ ልጅ ለረጅም ጊዜ ሲተላለፍ ጠባዩን ለውጦ እንደገና ሽባ የማድረግ ኃይል ሊያገኝ ይችላል። በሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም ሁለተኛው ዓይነት ከመደበኛው የአፍ ክትባት እንዲወጣ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነበር። ከዚያ በኋላ የተወለዱ ሕፃናት ግን ለሁለተኛው ዓይነት በአንጀታቸው የመከላከል አቅም ሳይኖራቸው ቀሩ።

የሆነውም ፍሳሽ እንዴት አስቀድሞ እንደሚናገር ጥሩ ማሳያ ነው። ከክትባት የመነጨው ሁለተኛው ዓይነት ቫይረስ በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሞቃዲሾ ፍሳሽ ውስጥ ተገኘ። በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. ከእርሱ ጋር የሚዛመድ ቫይረስ በናይሮቢ ኢስሊ አካባቢ ከተቀዳ ፍሳሽ ተለየ፤ በዚያን ጊዜ በናይሮቢ ሽባ የሆነ ልጅ አልተገኘም ነበር። በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ግን በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ዶሎ ዞን፣ ቦኽ ወረዳ አንድ ልጅ ታመመ፤ ምርመራውም ከሶማሊያው ወረርሽኝ ጋር አገናኘው። በሞቃዲሾና በናይሮቢ መጀመሪያ የተናገረው ቦይ ነበር፤ በቦኽ ግን የተናገረው የልጅ እግር ነው። ሰው ተበታትኖ በሚኖርበት፣ ቦይ በሌለበት አርብቶ አደር አካባቢ ፍሳሽ የሚቀዳበት ቦታ የለምና።

ናሙናው እንዴት ይቀዳል፣ እንዴት ይመረመራል

ለፖሊዮ ክትትል የሚመረጠው ቦታ ብዙ ሕዝብ (በተለምዶ ከ100 ሺህ እስከ 300 ሺህ) የሚጠቀምበት የፍሳሽ መስመር ወይም ክፍት ቦይ ነው። የፋብሪካ ኬሚካል የሚቀላቀልበት ቦታ አይመረጥም፤ ኬሚካሉ ቫይረሱንም የላቦራቶሪውን ሕዋሳትም ሊገድል ይችላል። የሚቀዳው 1 ሊትር ያህል ሲሆን ሰዓቱ ማለዳ ነው፤ ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ መጸዳጃ ቤት የሚጠቀምበት ፍሳሽ የሚያልፍበትን ሰዓት ለማግኘት። ቀጂው ጓንት፣ ቦቲ ጫማና የፊት መሸፈኛ ያደርጋል። ጠርሙሱ ላይ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፋል፤ ወዲያውም በረዶ ባለበት ሳጥን ገብቶ በቅዝቃዜ እንደተጠበቀ በሦስት ቀን ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ከክልል ከተማ ወደ አዲስ አበባ ለሚላክ ናሙና ከባዱ ክፍል ብዙ ጊዜ ይህ ጉዞ ነው። በመንገድ ላይ በረዶው ቀልጦ የደረሰ ናሙና ቫይረስ ባይገኝበት «የለም» ማለት አይቻልም።

ቫይረሶች በፍሳሹ ውስጥ ስለሚበታተኑ መጀመሪያ መሰብሰብ አለባቸው። በተለመደው ዘዴ ግማሽ ሊትሩ ከፖሊኢቲሊን ግላይኮል፣ ከዴክስትራን እና ከጨው ጋር ተደባልቆ ከታች ቧንቧ ባለው የመስታወት ማንቆርቆሪያ ውስጥ በቅዝቃዜ ያድራል። ጠዋት ድብልቁ ዘይትና ውሃ እንደሚለያዩ ሁሉ በሁለት ተለያይቶ ይገኛል፤ ቫይረሱ የተጠራቀመበት ከታች ያለው ጥቂት ሚሊ ሊትር ተቀድቶ ይጸዳል። ከዚያ በሁለት ዓይነት ሕዋሳት ላይ ይዘራል። አንደኛው ብዙ የኢንቴሮ ቫይረስ ዓይነቶች የሚያድጉበት የሰው ሕዋስ ነው። ሁለተኛው ከአይጥ የተወሰደና ፖሊዮ የሚገባበት የሰው «በር» በዘር ምሕንድስና የተጨመረለት ሕዋስ ስለሆነ በተለይ ፖሊዮን ያሳያል። ሕዋሳቱ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መፈራረስ ከጀመሩ ቫይረስ አለ ማለት ነው። ዓይነቱ በፒሲአር ይለያል፤ የዘር ቅደም ተከተሉም ተነብቦ ከየት እንደመጣና ስንት ጊዜ ሲተላለፍ እንደቆየ ይገመታል።

አንድ የመቅጃ ቦታ በትክክል እየሠራ መሆኑ የሚታወቀው ፖሊዮ በመገኘቱ አይደለም። ፖሊዮ ያልሆኑ ሌሎች ኢንቴሮ ቫይረሶች በከተማ ፍሳሽ ውስጥ ዘወትር ስላሉ ቢያንስ ከናሙናዎቹ በግማሹ መታየት አለባቸው። እነርሱም ካልታዩ ቦታው፣ ሰዓቱ ወይም ማጓጓዙ ችግር አለበት ማለት ነው።

ለተጣራ ውሃ ዘዴው ይለያል። ቫይረሱ ቁጥሩ ስለቀነሰ አንድ ሊትር አይበቃም፤ አሥርና ከዚያ በላይ ሊትር በማጥለያ ማሳለፍ ይጠይቃል። በተጨማሪም ፒሲአር የሞተውንም ሕያውንም ቫይረስ ሳይለይ ይቆጥራል። በክሎሪን የሞተ ቫይረስ የዘር ቅንጣቱ ለጊዜው ሊቆይ ስለሚችል በፒሲአር ብቻ ተመርቶ «ማጣሪያው አልሠራም» ማለት ስህተት ሊሆን ይችላል። ስህተቱ በተቃራኒውም ይመጣል፦ በፍሳሽ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ውህዶች የፒሲአሩን ሥራ ስለሚያግዱ ያለው ቫይረስ የሌለ ይመስላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ላቦራቶሪ የሚያውቀውን መጠን ያለው ጉዳት የሌለው ቫይረስ በናሙናው ላይ ጨምሮ ምን ያህሉን መልሶ እንዳገኘ ይፈትሻል።

ማጣራት ቫይረስን ምን ያህል ይቀንሳል

በኢትዮጵያ የተለመደው ቀላሉ ማጣሪያ ተከታታይ ኩሬ ነው። ፍሳሹ ከኩሬ ወደ ኩሬ ለሳምንታት ሲያልፍ ዝቃጩ ይረጋል፣ ፀሐይና ሙቀት ተውሳኮችን ይገድላሉ። ኩሬ ብዙ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ መብራት ሲጠፋም ሥራው አይቋረጥም። ቫይረስን በመቀነስ በኩል ግን ዝግተኛ ነው፦ በኩሬዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ቫይረስን ወደ አንድ አሥረኛ ለመቀነስ በአማካይ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይታ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የቃሊቲው ጣቢያም መጀመሪያ በኩሬ ይሠራ የነበረ ሲሆን በ2018 እ.ኤ.አ. በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም ያለው ዘመናዊ ጣቢያ ተመርቆበታል።

በዚህ መስክ «99 በመቶ» የሚለው ቃል አታላይ ነው። በአንድ ሊትር ጥሬ ፍሳሽ 1 ሚሊዮን ቫይረስ ቢኖር 99 በመቶው ተወግዶ 10 ሺህ ይቀራል፤ እንደ ኖሮ ቫይረስ ያለው ደግሞ በጣም ጥቂት ቅንጣት ሰውን ለማሳመም ይበቃዋል። ስለዚህ ባለሙያዎች በመቶኛ ሳይሆን በአሥር እጥፍ ደረጃ ይቆጥራሉ፤ 99 በመቶ ሁለት ደረጃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2006 እ.ኤ.አ. መመሪያ በፍሳሽ ውሃ ለሚለማ በጥሬው ለሚበላ አትክልት ከጥሬ ፍሳሹ እስከ ሰው አፍ ድረስ በጠቅላላው ስድስት ደረጃ ለቅጠል፣ ሰባት ደረጃ ለሥራሥር ቅነሳ እንዲደረስ ያመለክታል። ይህ ሁሉ በማጣሪያው ብቻ እንዲመጣ ግን አይጠይቅም። አትክልቱ ከመሰብሰቡ በፊት ውሃ ማቆም በየቀኑ ይቀንሳል፤ በንጹሕ ውሃ ማጠብ አንድ ደረጃ፣ ልጣጩን መላጥ ሁለት ደረጃ፣ መቀቀል ስድስትና ሰባት ደረጃ ይቀንሳል። በአቃቂ ወንዝ ውሃ የለማ ጎመን ተቀቅሎ ሲበላና በዚያው ውሃ የለማ ሰላጣ በጥሬው ሲበላ አደጋቸው እኩል የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሌላው አሳሳች ነገር ውሃን በኮሊፎርም ባክቴሪያ ብቻ መመዘን ነው። ባክቴሪያ በክሎሪንም በፀሐይም ከብዙ ቫይረሶች ፈጥኖ ይሞታል። አዴኖ ቫይረስ በተለይ የአልትራቫዮሌት ጨረርን በጣም ይቋቋማል። የባክቴሪያ መለኪያውን ያለፈ ውሃ የቫይረሱን ፈተና አልፏል ማለት አይደለም።

ሐዋሳ እና መናኸሪያ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የምትገኝ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ሐይቁ በጥቁር ውሃ ወንዝና በጎርፍ ይሞላል እንጂ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ስለዚህ ከከተማው ወደ ታች የሚወርድ ማናቸውም ነገር መድረሻው እዚያው ነው። ቫይረስ ከሕያው ሕዋስ ውጭ አይራባምና እንደ ማዕድን ዝም ብሎ አይጠራቀምም፤ በፀሐይና በጊዜ ይሞታል። አደጋው ያለው ፍሳሹ በሚገባበት ዳርቻና ገና በገባበት ሰሞን ነው፤ ሰው የሚዋኘው፣ ልብስ የሚያጥበውና ዓሣ የሚያወጣው ደግሞ ከዳርቻው ነው። በአሞራ ገደል ዓሣን በጥሬው በአዋዜ መብላት የተወደደ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስብ ይረዳል፤ የተጠበሰውና ሾርባው ከቫይረስ በኩል ስጋት የለባቸውም።

በከተማዋ ትልቁ ችግር ናሙና የሚቀዳበት የፍሳሽ መስመር ነገር ነው። አብዛኛው ነዋሪ የሚጠቀመው የጉድጓድ መጸዳጃ ቤትና ሴፕቲክ ታንክ ሲሆን ሲሞላም በመምጠጫ ቦቴ ይወሰዳል። ከመሬት በታች ከቤት ወደ ቤት ተያይዞ ወደ አንድ ማጣሪያ የሚደርስ ቧንቧ በሌለበት ከተማ አንድ ሊትር ውሃ 100 ሺህ ሰውን አይወክልም።

ይህ ማለት ግን ምንም ቦታ የለም ማለት አይደለም። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፍሳሹን የሚያጣራው በተከታታይ ኩሬዎች ሲሆን የመጨረሻው የዓሣ ኩሬ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ኩሬዎቹ ኮሊፎርም ባክቴሪያን ከ99 በመቶ በላይ ቢቀንሱም የወጣው ውሃ ለመስኖ የሚፈቀደውን መጠን ያላሟላ ሆኖ ተገኝቷል። ከላይ የተነገረው የመቶኛ ነገር እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። የሆስፒታል ኩሬ ለክትትል ጥሩም መጥፎም ነው፦ ገቢና ወጪው ስለሚታወቅ ማጣሪያውን ለመፈተሽ ይመቻል፤ የሚያሳየው ግን የተኙ ታማሚዎችን፣ አስታማሚዎችንና ሠራተኞችን ነው እንጂ በየሰፈሩ ያለውን ጤነኛ የሚመስል ሕፃን አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ሥርዓት ይዞ የተሠራ ነው፤ ከማቅለሚያ ኬሚካል ጋር የተቀላቀለ ፍሳሽ ግን ለቫይረስ ናሙና አይመረጥም።

ሦስተኛው አማራጭ መናኸሪያ ነው። ከሐዋሳ ክፍለ ከተሞች አንዱ በዚህ ስም ይጠራል። አውቶቡስ ከሻሸመኔ፣ ከዲላ፣ ከወላይታ ሶዶ፣ ከዚያም አልፎ በሞያሌ መንገድ የሚመጣውን መንገደኛ የሚያወርድበት ቦታ መጸዳጃ ቤት ከአንድ ሰፈር ይልቅ የአንድ መንገድን ሕዝብ ይወክላል። በዓለም ዙሪያ የአውሮፕላን መጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የሚመረመረው በዚሁ አስተሳሰብ ነው፤ ቫይረስ ድንበር የሚሻገረው ከሰው ጋር ነውና። እንዲህ ባለ ፍሳሹ በሚቆራረጥ ቦታ አንድ ጊዜ ጠርሙስ ነክሮ ከማውጣት ይልቅ የተጠቀለለ ፋሻ በክር አስሮ መውጫው ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን መተው ይሻላል። ፋሻው የሚያልፈውን ሁሉ ቀስ በቀስ ይይዛል፤ ዘዴው በእንግሊዝ በ1940ዎቹ የፓራታይፎይድ ተሸካሚዎችን ለመፈለግ የተጀመረ ሲሆን ርካሽ ነው።

የቦቴዎቹ ጭነትም ሊመረመር ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ይለያል። በጉድጓድ ውስጥ ለወራትና ለዓመታት የቆየ ዝቃጭ የዛሬን ሳይሆን ያለፈን ታሪክ ይናገራል። በአንጻሩ ቫይረሶች በደቃቅ ነገር ላይ ስለሚጣበቁ ከውሃው ይልቅ በዝቃጩ ውስጥ ይበዛሉ። ዝቃጩን ለማዳበሪያ ማዋል የሚፈልግ ገበሬ ለረጅም ጊዜ በፀሐይ ማድረቅ ወይም ከሌላ ቆሻሻ ጋር አዳብሎ በሙቀት ማብላላት አለበት፤ ከቦቴው በቀጥታ ማሳ ላይ መድፋት አይገባም።

ውጤቱን ማንበብ

አንድ ናሙና ቫይረስ ካሳየ ቀጣዩ እርምጃ ዳግመኛ መቅዳት፣ የአካባቢውን የክትባት ሽፋን መመልከትና ያልታወቁ ታማሚዎች መኖራቸውን በጤና ጣቢያዎች መፈለግ ነው። አንድ ጊዜ መገኘቱ ቫይረሱ በከተማው መሰራጨቱን ብቻውን አያረጋግጥም፤ አንድ መንገደኛ አልፎ ሊሆን ይችላል። በለንደን በ2022 እ.ኤ.አ. በቤክተን ማጣሪያ ጣቢያ ሁለተኛው ዓይነት ፖሊዮ በተደጋጋሚ ሲገኝና ቅደም ተከተሉ እየተዛመደ ሲመጣ ነበር ስርጭት እንዳለ ታውጆ ሽባ የሆነ ልጅ ሳይገኝ ከ1 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆች ተጨማሪ ክትባት የተሰጣቸው። አለመገኘቱም እንዲሁ በተደጋጋሚ ይመዘናል፤ በሐዋሳ ባለው ሁኔታ ደግሞ ናሙናው የሚናገረው ፍሳሹ ወደዚያ ቦታ ስለሚደርሰው ሰው ብቻ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ የሆነ፣ ወይም ጭራሽ የሌለው ቤተሰብ ልጅ በጠርሙሱ ውስጥ አይገኝም፤ የሚገኘው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሩን ስታንኳኳ ነው።